ደካማ ከፊት፣ ብርቱ ከኋላ

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ያነበበው አንድ መጽሐፍ ነው። እሱንም ሠላሳ ጊዜ ሳያነበው አልቀረም። የዓለም ታሪክ ነው፤ ግማሹ ስለ ግብፅ ነው። ማን እንደጻፈው አናውቅም፤ ሽፋኑንና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ፍየል በልታቸዋለች። አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን ሰፈር፣ ሣር የሚባል ነገር ስለሌለ ፍየሎቻችን ካርቶንም የሲሚንቶ ከረጢትም ያገኙትን ይበሉ ነበር። አባቴ አንድ ነገር ተጠይቆ ሲጠፋው እናቴ «እሱን ፍየሏን ጠይቋት» ትል ነበር።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከወደቡ ጭኖ በቡሬ፣ በማንዳ፣ በሚሌ አድርጎ መሐል አገር ያደርሳል። ዘመኑ አሰብ ሌላ አገር ከሆነች በኋላ ነው፤ ግን ድንበሩ ገና አልተዘጋም፣ የኢትዮጵያም ጭነት እንደ ድሮው በእኛ ወደብ ነበር የሚገባው። ሁለት ሳምንት ሄዶ ሦስት አራት ቀን ቤት ይከርማል። በእነዚያ ቀናት ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የሽቦ አልጋውን ግቢ ውስጥ አውጥተን፣ መሬቱ ላይ ውሃ ረጭተን፣ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኛ እንሰማለን።

እኛ ማለት እኔ፣ እናቴና የአባቴ ረዳት ነን። ረዳት ሲባል ጎረምሳ እንዳይመስላችሁ። ጢሙ የሸበተ የባቲ ሰው ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ከአባቴ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጋቢና ኖሯል። አባቴን «አለቃዬ» ይለዋል። እኔ «ጋሼ» እለው ነበር፤ አዝሎ ስላሳደገኝ ግን አንቱታው አልነበረም። አባቴ ሲያነብ እሱ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የተኛ ይመስላል እንጂ አንድ ቃል አያመልጠውም።

ግብፅን ያወቅኩት እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ነው። ጦርነቱ እኩል ለእኩል አልቆ ሳለ «ድል አደረግሁ» ብሎ ራሱን በየግድግዳው ግዙፍ አድርጎ ያስቀረጸ ፈርዖን ነበረ። እናቴ እሱን ስትሰማ «ወንድ መቼም» ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ትቀጥላለች። ባሕር የበላው ፈርዖን ሲነሳ ደግሞ ጋሼ ብድግ ይላል፤ እሱ በነቢ ሙሳ፣ አባቴ በሙሴ ይከራከራሉ። የሚከራከሩት ስለ ሃይማኖት እንዳይመስላችሁ። ፈርዖን የሰመጠው ከእኛ ወደብ በላይ ነው ወይስ በታች ነው ብለው ነው። ቀይ ባሕር ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ስለነበር ለእኛ ነገሩ የሰፈር ወሬ ነበር።

አባቴ አብልጦ የሚወደው ግን የዓረቡን የጦር አዛዥ ነው። ግብፅ ውስጥ አንድ ምሽግ ይዞ ወደ እስክንድርያ ሊዘምት ድንኳን ሲነቀል፣ ለካ እርግብ የእሱ ድንኳን ላይ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ጥላለች። «ጫጩቶቿ እስኪበሩ ድንኳኔ እንዳይነካ» ብሎ ትቶት ሄደ። በኋላ ከተማው በዚያ ድንኳን ዙሪያ ተቆረቆረ። በረሃ ለበረሃ ተደብቀው የኖሩትን የክርስቲያኖቹን ጳጳስም «በሰላም ይመለሱ» ብሎ ጠራቸው። አባቴ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና «አያችሁ፣ አገር ሲይዝ ያልተሸነፈ ሰው ለእርግብ ተሸነፈ» ይላል። ጋሼ ከምንጣፉ ላይ «አላህ ይዘንለት» ይላል። አባቴም «አሜን» ይላል።

አሁን ስለ ሰልፉ ልንገራችሁ።

በረሃውን መኪና ብቻውን አይሻገረውም። ሰባት ስምንት ሆነው፣ ከከተማው ዳር ተሰልፈው፣ ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ። እናቴ ስንቁን ይዛ፣ እኔ ጀሪካን ይዤ እንሸኛለን። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሁሌም መጨረሻ ነበር። አንድም ቀን ቦታው ተቀይሮ አያውቅም። አንዲት የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ የእሷ አባት መሐል ነው የሚሰለፈው። «ያንቺ አባት አቧራ ቃሚ» አለችኝ አንድ ቀን። ክንዷን ነከስኳት፤ እናቴም እኔን መታችኝ። አባቴን ለምን መጨረሻ እንደሚሆን ስጠይቀው «ከኋላ እይታው ያምራል» ብሎ አላገጠብኝ። እኔ ግን ውስጤ ያፍር ነበር። አባቴን ሰው የናቀው መሰለኝ።

ሰባተኛ ክፍል የገባሁ ዓመት አንድ ጠዋት ስንሄድ መኪናው ከሁሉም ፊት ቆሟል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በሚቀጥለውም ጉዞ ከፊት ነው፤ በሚቀጥለውም። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። ያቺን ጎረቤቴን ጆሮዋ እስኪደነቁር «አባቴ ተሾመ» አልኳት። ለዳቦ ጋጋሪው ነገርኩት፣ ለአስተማሪዎቼ ነገርኩ። አባቴ ሲሰማኝ ፈገግ ይልና ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። እናቴም ምንም አትልም። እናቴ ዝም ስትል ነገር አለ ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ ግን ደስ ያለው ልጅ ምን ያስተውላል።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ መጽሐፉም እያደር ጣፈጠ። ከዚህ በፊት ያልሰማኋቸው ነገሮች ይመጡ ጀመር። የፋርሱን ንጉሥ ሠራዊት አሸዋ እንደበላው አውቃለሁ፤ አሁን ግን ምክንያቱም ተጨመረ። ብርቱዎቹ ከፊት ሮጡ፣ ደካሞቹ ከኋላ ቀሩ፣ አሸዋው ሲነሳ ማንም ማንን አላየም። ከዘመናት በኋላ የመጣው የመቄዶንያው ወጣት ንጉሥ ግን ከዚያ ተማረ። በበረሃው ውስጥ ወዳለው ቤተ መቅደስ ሲሄድ ሁለት ቁራዎች መንገድ መሩት፤ እሱም ከሁሉ የደከመውን ግመል ከፊት አሰለፈ፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ልክ ተራመደ። «ደካማ ከፊት፣ ብርቱ ከኋላ» ብሎ አወጀ። አባቴ ይህን ሲያነብ ድምፁ ዝግ ይላል፤ ቀና ብሎም ወደ እኔ ያያል። እኔ ደግሞ «ሲያነብ እንዴት ያምርበታል» እላለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የታሪክ ፈተና መጣ። አስተማሪያችን የጎጃም ሰው ነው፤ በአሰብ ሙቀት ክራባት የሚያስር ደረቅ ሰው። «የፋርሱ ንጉሥ ሠራዊት በምድረ በዳ ለምን ጠፋ?» የሚል ጥያቄ አወጣ። ደስታዬ ለጉድ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ፤ ደካማውን ግመልም አዋጁንም አልተውኩም። ወረቀቱ ሲመለስ ዜሮ ነው። ከዜሮው አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ተረት» ተብሎ ተጽፏል።

ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ «ቲቸር፣ መጽሐፍ ላይ አለ» አልኩት።

«የትኛው መጽሐፍ?»

«የአባቴ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው አልሳቀም። «አምጪና አሳዪኝ። ካለ ዜሮውን ፍቄ ሙሉ ነጥብ እሰጥሻለሁ» አለ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ቀትር ነው፤ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። አባቴ በማግስቱ ጠዋት ስለሚነሳ፣ ስንዴውን አስጭኖ ወረቀቱን ሊያስጨርስ ወደብ ሄዷል። መጽሐፉን ከትራሱ ሥር አውጥቼ ፋርስን ፈለግኩ። ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ «ማዕበል ተነሥቶ ሠራዊቱን አሸዋ ዋጠው» ይላል፣ አለቀ። መቄዶንያውን ፈለግኩ። ሁለቱ ቁራዎች አሉ። ግመል የለም። አዋጅ የለም። ፍየሏ በልታው እንዳይሆን ብዬ የገጽ ቁጥሮቹን ቆጠርኩ፤ አንድም አልጎደለም።

ከዚያ ምልክቱን አየሁት። አባቴ ሁልጊዜ መጽሐፉን የሚከፍተው ምልክት የገባበት ላይ ነው። ምልክቱ የእኔ የፀጉር ሪባን ነው። እኔው ራሴ ነኝ ያስገባሁት፣ ሰባተኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ፣ ሮምን ሳጠና። አሁንም ያለው ሮም ላይ ነው። አባቴ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ የሮምን ምዕራፍ ዘርግቶ ግብፅን ሲያነብልኝ ኖሯል።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ዓይኑ አያይም ማለት ነው። መንገድ ላይ ሰው ካልተናገረው ሰላም የማይለው ለዚህ ነው። የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ ጠረጴዛውን በእጁ የሚዳስሰው ለዚህ ነው። «ይቺ የአሰብ ፀሐይ» ይል ነበር፤ እኛም ፀሐይዋን እንወቅስ ነበር። ከዚያ «ነገ ጠዋት እኮ ሊነዳ ነው» የሚለው መጣብኝ። ሙሉ ጭነት፣ ከኋላው ተሳቢ፣ የዶቢ ቁልቁለት፣ የባቲ ጠመዝማዛ። ወረቀቴን ይዤ ወደ ጋሼ ሮጥኩ።

ጋሼ መኪናው ጥላ ሥር ጎማ እየቀጠቀጠ ነበር። ፈተናዬን ዘረጋሁለት። ቀስ ብሎ አነበበና ሳቀ። «ደግሞ የመቄዶንያ ንጉሥ አለው እንዴ? ይሄ የእኛ የሹፌሮች ደንብ ነው። ደካማው መኪና ከፊት ይሄዳል፣ ፍጥነቱን እሱ ይወስናል፤ ቢቆም ሁሉም ያየዋል። ብርቱው ከኋላ ሆኖ የወደቀውን ያነሳል። መጎተቻው ገመድ፣ ትርፍ ውሃው፣ ልምዱ፣ ሁሉም ከኋላ ነው። አባትሽ አሥራ ሰባት ዓመት ከኋላ ዘግቷል። ከዚህ እስከ ሚሌ እሱ ያላነሳው ሹፌር የለም» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ታዲያ ጋሼ» አልኩት፣ «አሁን አባባ ለምን ከፊት ሆነ?»

መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለዳቦ ጋጋሪው እንኳ ሳይቀር፣ «አባቴ ከፊት ሆነ» እያልኩ አውርቻለሁ። ደንቡን የሚያውቅ ሹፌር ሁሉ ሰምቶኛል። አንዱም አልሳቀብኝም።

«ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበታል» አለ ጋሼ በመጨረሻ። «ሜዳውን ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እኔ እነግረዋለሁ፤ ግራ ያዝ፣ ቀኝ ያዝ፣ ፍየል አለ። ቁልቁለቱን እኔ እወስዳለሁ። ሌሎቹ ተመካክረው ነው ከፊት ያደረጉት፤ እሱም ገብቶታል፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባለፈው ግን ደባይሲማ አካባቢ ግመል ገባብን። እኔ ባልጮህ ኖሮ...» አልጨረሰውም።

«ለምን ንዳልኝ አይልህም? ለምን አንተስ አትነግረውም?»

ከሸሚዙ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ መንጃ ፈቃድ አወጣ። የከባድ መኪና ነው። ካወጣው ሦስት ዓመት ሆኖታል። «እንጀራ ያበላኝን ሰው ተነስ ልቀመጥበት ልበለው? ወላሂ ይሄ ምላስ ይቆረጣል እንጂ አይለውም» አለና መልሶ ከተተው። «አንቺ ግን ልጁ ነሽ። አብሽሪ፣ አንቺ ከነገርሽው ይሰማሻል።»

አብሽሪ ማለቱ ቀላል ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ አባቴን «አትነዳም» የምለው እኔ ነኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ምስሯን እየለቀመች ቀና ሳትል «አውቃለሁ» አለችኝ። «መርፌዬ ላይ ክር አስገባልኝ ብዬው ሳይሆንለት የቀረ ጊዜ ነው ያወቅኩት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለምኜዋለሁ። ኩራት ይዞታል። እናንተ አባትና ልጅ ስትባሉ ደግሞ በኩራት አትታሙም።»

አመሻሹ ላይ እንደ ወትሮው አልጋው ወጣ። ጋሼ ምንጣፉ ላይ ተጋደመ፤ ያን ቀን ግን ዓይኑን አልጨፈነም። አባቴ መጽሐፉን አንስቶ ሪባኑ ያለበትን ከፈተ። ሮም ነው።

«ዛሬ ምን ላንብብልሽ?»

«የእርግቧን» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ድንኳኑን ሲነቅሉ ወታደሮቹ ምን እንዳሉ፣ አዛዡ በባዶ እግሩ እንደወጣ፣ እርግቧ እንዳትበር ሰዉ ሁሉ በሹክሹክታ እንዳወራ። ጣቱ በሮም መስመር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየተጓዘ፣ አንዱን መስመር ሲጨርስ ወደሚቀጥለው እየወረደ ያነባል። ለእኔ ብሎ ነው ጣቱን የሚያንቀሳቅሰው። እጁን ያዝኩና ገጾቹን ገለጥኳቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ ገጽ፣ እርግቧ ያለችበት እስክደርስ። ጣቱን እዚያ ላይ አስቀመጥኩለት።

ማንበቡን አቆመ። የገጾቹን ድምፅ ሰምቶታል።

«የት ነበርኩ?» አለኝ።

«ሮም።»

ከዚያ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «ሮምም ክፉ አገር አይደለም» አለ።

«በአንተ ግመል ዜሮ አገኘሁ።»

«ዜሮ? ያ አስተማሪሽ በረሃ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው።» ሳቁ አለቀ። መጽሐፉን ከደነው። «አንቺ ‹አባቴ ተሾመ› እያልሽ ሰፈሩን ስትዞሪ ደስታሽን እንዴት ልቀማሽ። በቀጥታ ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። ግመሉን ስሰድልሽ ትደርሽበታለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ፈተና ላይ ጻፍሽው።»

«አባባ፣ እፈራለሁ» አልኩት። ማልቀስ አልፈለግኩም፤ ግን አለቀስኩ። «ነገ እንዳትሄድ። ዓይንህ ቢጠፋም አባቴ ነህ። አንተ ብትጠፋ ግን እኔ ምን እሆናለሁ?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አባቴ መጽሐፉን ሰጠኝና «አንቺ አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት። ሦስት መስመር ነው፤ እርግብ፣ እንቁላል፣ ድንኳኑ ይቆይ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እኔ ያልኩት ይሻላል» አለ። ከዚያ ወደ ምንጣፉ ዞረ። «አንተ የባቲ ሰው፣ ያቺን ኪስህ ውስጥ ሦስት ዓመት የደበቅካትን አምጣት።»

ጋሼ ተነስቶ ቁጭ አለ። «በአንድ ጋቢና ምን ይደበቃል» አለው። አባቴ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ ላስቲኩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ማየት ቢችል እንደሚያነበው ወደ ፊቱ አስጠጋው። ከኪሱ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና ከፈቃዱ ጋር አንድ ላይ መለሰለት። «ድንኳኑ ያንተ ነው። እንቁላሉን እንዳትሰብርብኝ» አለው። ጋሼ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ። አባቴ «ተው ተው፣ ለመኪናው ባለቤት ደብዳቤ እንጻፍ» ብሎ እኔን ወረቀት አስመጣኝ። እሱ አለ፣ እኔ ጻፍኩ። ስለ ጋሼ ብዙ ጥሩ ነገር አለ፤ ስለ ራሱ «ደክሞኛል» ብቻ አስጻፈኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አባቴን እጁን ይዤ ወደ ከተማው ዳር ሄድን። «አንቺ ነሽ የያዝሽኝ ወይስ እኔ ነኝ የያዝኩሽ?» አለኝ፤ «አንተ ነህ» አልኩት። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ መጥተው ጨበጡት። ማንም ስለ ዓይኑ አላነሳም። አንደኛው «አለቃ፣ ማንዳ ሻይ ስንጠጣ እናነሳሃለን» ብሎት ሄደ። ሞተሮቹ ተነሱ።

«መኪናችን የት ነው?» አለኝ አባቴ። ወገግታው ገና ስለሆነ ለእሱ ጭራሽ አይታይም።

«እዚያው ከፊት።»

«እሺ» አለ። አንገቱን ደፋ።

የመጀመሪያው መኪና ጡሩምባ ነፍቶ ተንቀሳቀሰ። የእኛ አልነበረም። ጋሼ መስኮቱን አውርዶ እጁን አውጥቶ እንዲያልፉ ያሳያል።

«አሁንስ?»

«ቆሟል። አንዱ አለፈው።»

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ሌላም አለፈው። ሦስተኛውም።» ተንጠራርቼ አየሁ። «አባባ፣ ጋሼ ሁሉንም እያሳለፈ ነው።»

አባቴ እጄን አጥብቆ ያዘ። የመጨረሻው መኪና ሲያልፍ አቧራው መጣብን። ከዚያ ጋሼ ማርሽ አስገባ፤ ከሁሉም ኋላ፣ መጎተቻውን ገመድ ከተሳቢው ላይ አስሮ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«የት ነው? ንገሪኝ እንጂ።»

«መጨረሻ ላይ» አልኩት። «ከሁሉም ኋላ።»

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀና አማተበ። አቧራው ጢሙ ላይ ሰፍሯል። «ተመስገን» አለኝ፤ «ወዳጄ አሁን ተሾመ።»